ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ኮምፒዩተርና ኔትወርክ ስለ ማዳረስ

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒዩተር ተሰጠ፤ የቀረው ተማሪ እንደ ቀድሞው በወረቀት ተፈተነ። በሚከተለው ዓመትም በኮምፒዩተር የተፈተኑት ቍጥር ጨመረ። ነገሩ ወደዚሁ አቅጣጫ መሄዱ የሚያጠራጥር አይደለም። እስከዚያ ድረስ በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር መኖሩ እንደ ጌጥ ይታይ ነበር፤ ያለው ትምህርት ቤት ይኰራበታል፣ የሌለውም ያለ እርሱ ያስተምራል። ከእንግዲህ ግን ፊዚክሱን በሚገባ አጥንቶ የመጣ ልጅ እጁ ማውስ ይዞ የማያውቅ ከሆነ፣ በፈተናው ሰዓት ከጥያቄውም ከመሣሪያውም ጋር መታገሉ ነው። በቤቱ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ይህ ሁለተኛው ትግል የለበትም። ስለዚህ ጉዳዩ የምቾት መሆኑ ቀርቶ የፍትሕ ሆኗል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ያስፈልጋቸዋል ብለን ለመከራከር አይደለም፤ ይህን የሚክድ ሰው እምብዛም አላጋጠመንም። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተር ለተማሪ «ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው? የሚል ነው። በሪፖርት ላይ እንደሚታየው መሣሪያው ከመኪና ወርዶ፣ ተቈጥሮ፣ በሞዴል 19 ገቢ ሲሆን ደረሰ ይባላል። በእኛ አስተያየት በዚያን ሰዓት የደረሰው ለንብረት ክፍሉ ነው። ለተማሪው የሚደርሰው ተማሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣቱን በቁልፎቹ ላይ ባሳረፈ ጊዜ ነው። እንግዲህ መለኪያው የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን አንድ ተማሪ በሳምንት የሚያገኘው ደቂቃ ሊሆን ይገባዋል እንላለን። አነጋገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ነገሩ በዚህ ሚዛን በተመዘነ ጊዜ ብዙ የተመሰገነ ሥራ ቀልሎ፣ ማንም ልብ ያላለው ሥራ ደግሞ ከብዶ ይገኛል።

አስቀድመን እኛው ራሳችን የምናውቀውን እንናገር። ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው መካከል አብዛኞቻችን የተማርነው ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። ከእነዚህ በአንደኛው የኮምፒዩተሩ ክፍል በር ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በንብረት ኃላፊው፣ ሁለተኛው በአይ.ሲ.ቲ. መምህሩ እጅ። በሩ የሚከፈተው ሁለቱ በአንድነት የተገኙ እንደ ሆነ ብቻ ነው። መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ፣ መሣሪያዎቹም አቧራ እንዳይገባባቸው በጨርቅ የተሸፈኑ ነበሩ፤ ወደ ውስጥ ስንገባም ጫማችንን እናወልቅ ነበር። በአንድ መሣሪያ ፊት አራት ሆነን እንቀመጣለን። ከአራታችን ማውሱን የሚይዘው አንዱ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ ያው ልጅ፣ ኢንተርኔት ቤት የሚያዘወትረው ነው። ሴቶቹ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ቆመው ያያሉ። በዓመቱ መጨረሻ ለሁላችንም የአይ.ሲ.ቲ. ውጤት ተሰጠን፤ ከመካከላችን ግን መሣሪያውን በገዛ እጁ አብርቶ የማያውቅ ነበረ። ፈተናው በወረቀት ስለ ነበረ «ማውስ ለምን ያገለግላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በቃላችን ሸምድደን ጽፈናል፤ ሙሉ ነጥብም አግኝተንበታል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንሂድ። የምናቀርበው ምሳሌ ለማስረዳት ያህል የታሰበ እንጂ የአንድ የታወቀ ትምህርት ቤት ቍጥር አይደለም። 1200 ተማሪዎች ላሉት ትምህርት ቤት 30 ኮምፒዩተር ተሰጠው እንበል። ከ30ው 22ቱ ይሠራሉ፤ 8ቱ ተበላሽተው በክፍሉ ጥግ ተደርድረዋል። ክፍሉ በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። 22ን በ35 ስናባዛው 770 ይሆናል፤ ይህም በሳምንቱ ውስጥ አንድ ተማሪ ለብቻው ሊቀመጥበት የሚችለው የክፍለ ጊዜ ብዛት ነው። ለ1200 ተማሪ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 26 ደቂቃ ያህል ይደርሰዋል። በሳምንት አንዱን ቀን መብራት ጠፍቶ ከዋለ ድርሻው ከ21 ደቂቃ በታች ይወርዳል።

እንግዲህ ለዚህ ትምህርት ቤት 10 አዲስ ኮምፒዩተር በእርዳታ መጣለት እንበል። ሥነ ሥርዓት ይደረጋል፣ ንግግር ይሰማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የአንዱ ተማሪ ድርሻም መብራቱ ሳይጠፋ በዋለበት ሳምንት ከ26 ወደ 37 ደቂቃ ከፍ ይላል። መልካም ነው። ነገር ግን አንድም አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ የተበላሹት 8ቱ ብቻ ቢጠገኑ ድርሻው 35 ደቂቃ ይሆናል፤ ከአዲሱ ስጦታ የሚያንሰው በሁለት ደቂቃ ነው። ከተጠገኑም በኋላ ክፍሉ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ክፍት ሆኖ ቢቈይ ድርሻው 50 ደቂቃ ይደርሳል፤ ማለት ከመጀመሪያው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት መለዋወጫና በሩን ከፍቶ ለሚቀመጥ ሰው የሚከፈል አበል ነው። በሁለት ፈረቃ ለሚያስተምር ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ የሚባል ነገር እንደሌለ እናውቃለን፤ እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ቅዳሜን መጠቀም ይኖርበታል። ለተጠገነ ኮምፒዩተር ሪባን የቈረጠ ባለሥልጣን ግን እስካሁን አላየንም።

ስሌቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ፣ ሥራው ስለ ምን በዚህ መንገድ አይሄድም? ለዚህ መልስ የሚሆኑ ነገሮች በአገራችንም በሌሎች አገሮችም ታይተዋል።

በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሰፊው የገባው የመጀመሪያ ቴክኖሎጂ ኮምፒዩተር ሳይሆን ፕላዝማ ነበረ። በ1997 ዓ.ም. ግድም ስኩልኔት በተባለው ፕሮግራም በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በየክፍሉ በተሰቀለ የፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ። ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። መምህሩ በመግቢያው ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ፕላዝማው ይናገራል፤ ደወል እስኪደወል የቀረችውን ደቂቃ መምህሩ ይጨምርባታል። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይን ማየት ትልቅ ነገር እንደ ነበረ አንክድም። ሆኖም ፕላዝማ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም አይመልስም። «አሁን ጥያቄውን ሥሩ» ብሎ ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቅና ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን ይናገራል። ስርጭቱ ለአገሪቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚተላለፍ ስለሆነ፣ በአንድ ከተማ መብራት ከጠፋ የዚያች ከተማ ልጆች የዕለቱ ትምህርት አለፋቸው። የቀደሙን ተማሪዎች እንደሚያወሩት መምህሩ ከልጆቹ ጋር አብሮ ተቀምጦ የሚመለከት አራተኛ ረድፍ ላይ ያለ ተማሪ መስሎ ነበር። በእኛ ሚዛን ስንመዝነው ፕላዝማው ብዙ ደቂቃ ሰጥቷል፤ የተማሪው እጅ ግን በዚያ ሁሉ ደቂቃ ባዶ ነበረ።

ከዚህ ጥቂት ዓመት በኋላ የመጣው ሐሳብ የፕላዝማው ተቃራኒ ነው። ፕላዝማው አንድ ስክሪን ለአንድ ክፍል ሲል፣ ይህኛው አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ ይላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2005 ለዓለም ያቀረቡት በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ናቸው። ዋጋው 100 ዶላር ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ተሠርቶ ሲወጣ ግን ወደ 200 ዶላር ተጠጋ። ኤክስ ኦ የተባለው ይህ ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፕ በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ ስክሪን፣ አቧራ የማያስገባ የላስቲክ ቁልፍ ሰሌዳ፣ ከጎረቤቱ ላፕቶፕ ጋር ያለ ሽቦ የሚገናኝባቸው እንደ ጆሮ የቆሙ ሁለት አንቴናዎች ነበሩት። ወደ አገራችንም በ2000 ዓ.ም. ግድም ጥቂት ሺህ የሚሆኑት መጥተው፣ በአዲስ አበባና ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለሕፃናት ታድለዋል። ሥራው ግን አገር አቀፍ ሳይሆን ቀረ።

ይህን መሣሪያ በብዛት የወሰዱት ሁለት የደቡብ አሜሪካ አገሮች፣ ፔሩና ኡራጓይ ናቸው። የሁለቱ ታሪክ ለእኛ ጥያቄ ቀጥተኛ ምስክር ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንመልከተው።

ፔሩ መሣሪያውን ከማንም አገር ይልቅ በብዛት ገዛች፤ ይልቁንም በተራሮቿ ላይ ላሉ ድኾች የገጠር ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ ሰጠች። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ጥናት አወጡ። ጥናቱ ላፕቶፕ የደረሳቸውን ትምህርት ቤቶች ካልደረሳቸው ጋር የሚያወዳድር ነው። ላፕቶፕ በደረሳቸው ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ኮምፒዩተር ከ0.12 ወደ 1.18 ከፍ ብሏል፤ ማለት ከአንድም አልፎ ተርፏል። በመሣሪያ ብዛት ለሚቈጥር ሰው ከዚህ የበለጠ ድል የለም። ከ15 ወር ያህል በኋላ ልጆቹ ሲፈተኑ ግን በሒሳብና በቋንቋ ውጤታቸው ላይ አንድም የተለየ ነገር አልታየም። አጠቃላይ የማሰብ ችሎታን በሚለካው ፈተና ጥቂት መሻሻል ተገኝቷል። ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚበዙት ኢንተርኔት አልነበራቸውም።

ኡራጓይ ሥራዋን የጀመረችው በፕሬዚዳንት ታባሬ ቫስኬዝ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ቪላ ካርዳል በምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ነው። ሴይባል የተባለው ይህ ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2009 በአገሪቱ ላሉ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ ላፕቶፕ አዳርሶ ጨረሰ። ልዩነቱ የመሣሪያው አይደለም፤ መሣሪያው ያው ኤክስ ኦ ነው። ልዩነቱ ኡራጓይ ከላፕቶፑ ጋር መስመሩንም በመዘርጋትዋ፣ ለሥራውም ራሱን የቻለ ድርጅት በማቋቋምዋ፣ መሣሪያዎቹ በብዛት መበላሸት ሲጀምሩም የጥገና ሠራተኞችን በመኪና ጭና ወደየትምህርት ቤቱ በመላክዋ ነው። ሆኖም ለእውነቱ መመስከር ይገባናል፤ በኡራጓይም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ላይ የተደረገ ጥናት በሒሳብና በንባብ ውጤት ላይ መሻሻል አላገኘም።

በዚህ ላይ ስንደርስ የራሳችን ሚዛን ሳይቀር ጥያቄ ተነሣበት። የፔሩ ልጅ ደቂቃ አላነሰውም፤ ታዲያ ምን አነሰው? ለረጅም ጊዜ ከተከራከርን በኋላ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፤ ደቂቃ ሳይኖር ምንም የለም፤ ደቂቃ ካለ ግን ቀጥሎ የሚጠየቀው ያ ደቂቃ ትምህርት ቤቱ የሌለውን ምን ነገር አመጣለት? የሚለው ነው። ለዚህም ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የኋለኛው የኡራጓይ ሥራ ነው። ኡራጓይ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ የሚበቃ የእንግሊዝኛ መምህር አልነበራትም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በዘረጋችው መስመር ላይ በቪዲዮ የሚያስተምር መምህር ከሩቅ ቦታ ወደ ክፍሉ አስገባች። የክፍሉ መምህርት እንግሊዝኛ ባትችልም ልጆቿን ታውቃለችና በመካከላቸው ቆማ ትረዳለች፤ ከስክሪኑ ማዶ ያለው መምህርም እንደ ፕላዝማው ደንቆሮ አይደለም፤ ልጁ ሲሳሳት ይሰማል፣ ያርማልም። ፕላዝማው ያለውን መምህር ዝም አሰኘ፤ ይህኛው ግን የሌለውን መምህር አመጣ። ኡራጓይ ትንሽ፣ ሜዳማና መብራት በሞላ ጎደል የተዳረሰባት አገር መሆንዋን አልዘነጋንም፤ ያደረገችውን ሁሉ እናድርግ ማለታችንም አይደለም።

መምህር ጭራሽ ባይኖርስ? የሚል ይኖራል። ይህም በአገራችን ተሞክሯል። የላፕቶፑ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት ቀበሌዎች ላሉ ሕፃናት ታብሌቶችን ከነሶላር ባትሪ መሙያቸው ሰጥቶ፣ ያለ አንዳች አስተማሪ ትቷቸው ሄደ። ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት ሕፃናቱ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛን ፊደል መዝፈን ያዙ፣ በአምስት ወር ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ይህ የልጆቻችንን ብልሃት የሚያሳይ ነው፤ እኛም ስናነበው ኰርተናል። ነገር ግን ካሜራ መክፈት ማንበብ አይደለም፤ የዘፈኑትም ፊደል እናታቸው የምትናገርበት ቋንቋ ፊደል አልነበረም።

ስለ ቋንቋ ይህን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አግኝቷል፤ ዊንዶውስም እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ቪስታ ጀምሮ ፊደላችንን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ኮምፒዩተር አማርኛ አይጽፍም የሚለው ሰበብ ካበቃ ቈይቷል። ዳሩ ግን በትምህርት ቤቶች የሚገኘው ቁልፍ ሰሌዳ የላቲን ፊደል ብቻ የተጻፈበት ስለሆነ፣ አንዱን ፊደል ለማውጣት የትኛውንና የትኛውን ቁልፍ አከታትሎ መምታት እንደሚገባ ካልተነገረው ተማሪው የራሱን ስም መጻፍ አይችልም። ይህን ማስተማር ከሁለት ክፍለ ጊዜ አይበልጥም። የተማርንባቸው መጻሕፍት ግን ስለ ኮምፒዩተር ትውልዶች ታሪክ ብዙ ገጽ ሲሰጡ ለዚህ አንድ መሥመር አልሰጡም።

አሁን ወደ ኔትወርኩ እንምጣ፤ በዚህ ነገር ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ሲቈጠሩ ስለምናይ ነው። ብዙ ሰው ኔትወርክ ሲባል ኢንተርኔት ማለት ይመስለዋል። ኔትወርክ በራሱ ኮምፒዩተሮችን እርስ በርሳቸው የሚያገናኝ መረብ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ያንን መረብ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው መንገድ ነው። አንድ ግቢ በውስጡ የውሃ ጉድጓድ ሊኖረው ይችላል፤ ከከተማው የቧንቧ መስመርም ውሃ ሊያገኝ ይችላል። ቧንቧው ሲዘጋ ጉድጓድ ያለው ግቢ አይጠማም።

የትምህርት ቤቱ ጉድጓድ አንድ ሰርቨር ነው። ሰርቨር ማለት በሥራው ከሌሎቹ ኮምፒዩተሮች የተለየ እንጂ በመልኩ የተለየ መሆን የለበትም፤ ትልቅ ማኅደር ያለው አንድ ደኅና ኮምፒዩተር ይበቃል። በእርሱ ላይ የመማሪያ መጻሕፍቱ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች፣ የቪዲዮ ትምህርቶች ይጫናሉ። ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ ዊኪፔዲያን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ከዚያ ሰርቨሩን ከአንድ ስዊች ጋር፣ ስዊቹንም ከሠላሳው ኮምፒዩተር ጋር በኬብል ማገናኘት ነው። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ለቴሌ የሚከፈል ወርኃዊ ሒሳብ የለበትም፤ ፍጥነቱም ትምህርት ቤቱ ሊከፍልበት ከሚችለው ኢንተርኔት በብዙ ይበልጣል፤ ቫይረስ ተሸክሞ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሰውን ፍላሽም ያሳርፋል። ሰርቨሩን ለማደስ በወር አንድ ጊዜ በአቅራቢያው ካለ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ነገር ገልብጦ ማምጣት ይቻላል።

ይህን የምንለው ኢንተርኔት አያስፈልግም ለማለት አይደለም። የቪዲዮው መምህር ያለ እርሱ አይመጣም። ነገር ግን መጀመሪያ ጉድጓዱን ቈፍሮ በኋላ ቧንቧውን መጠበቅ ይሻላል፤ በአገራችን ቧንቧው መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅምና። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ በመገኘቱ ተሰረዘ። በሚከተለው ዓመት ፈተናው እንዳይሰረቅ ተብሎ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት በአገሪቱ ተዘጋ። ከዚያ ሰባት ዓመት ቈይቶ ፈተናው ራሱ በኮምፒዩተር ተሰጠ። ነገሩን የታዘበ ሰው ፈገግ ሳይል አያልፍም።

ስለ መብራት ብዙ አንናገርም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው። አብዛኞቹ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መብራት የላቸውም፤ መብራት ያላቸውም ቢሆኑ በድንገት ሲጠፋና ከፍ ብሎ ሲመጣ መሣሪያቸው ይቃጠላል። የላፕቶፕ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋ የተጀመረው ክፍለ ጊዜ አይቋረጥም፣ የሚበላውም ኃይል ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ያንሳል። ያልታወቀ ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ የሠላሳ ኮምፒዩተር ክፍል በአንዲት ማከፋፈያ ላይ ተደራርቦ ሲሰካ ማየታችን ነው። ኮምፒዩተር ሲገዛ የሶኬትና የሽቦ ዝርጋታ ወጪ አብሮ ካልተያዘ፣ መምህሩ ከገበያ ባመጣት ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ ይሰካባታል።

ሰዎች እንደ ትንሽ ነገር ወደሚያዩት ወደ ንብረት አያያዝ እንመለስ። ከላይ የጠቀስናቸው የሁለቱ ቁልፎች ምክንያት እዚህ አለ። ኮምፒዩተሮቹ በሞዴል 19 ገቢ ሆነው በሞዴል 22 ለመምህሩ ወጪ ሲሆኑ መምህሩ ይፈርማል። የፈረመ ሰው በቈጠራ ጊዜ ይጠየቃል። አንዲት ማውስ ብትጠፋ ከደመወዙ ሊቈረጥበት ይችላል፤ ሠላሳውም ኮምፒዩተር ዓመቱን ሙሉ ተቈልፎ ቢውል ግን የሚጠይቀው የለም። እንግዲህ ይህ መምህር ምን ያድርግ? ቢከፍት የሚያገኘው ጣጣ ነው፤ ቢቈልፍ ሰላም ነው። በእርሱ ቦታ ብንሆን እኛም የምንቈልፍ ይመስለናል። መሣሪያ በሥራ ላይ ሳለ መበላሸቱ እንደ ኖራና እንደ ወረቀት ማለቅ የሚቈጠርበት፣ ሳይሠራበት መቀመጡ ግን የሚያስጠይቅበት ደንብ እስካልወጣ ድረስ፣ ሌላ ሠላሳ ኮምፒዩተር ቢጨመር ሌላ ሠላሳ ጨርቅ ማልበስ ነው።

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ ከሌላ አገር የምንጠቅሰው አንድ ደንብ አለ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ መሠረት ኢ-ሬት የሚባል ድጎማ ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። ገንዘቡ የሚመጣው ከቴሌ ኩባንያዎች መዋጮ ነው፤ ትምህርት ቤቱም እንደ ተማሪዎቹ የድህነት መጠን ከመስመሩ ወጪ ከ20 እስከ 90 በመቶ ይቀነስለታል። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ይህ ድጎማ ለኮምፒዩተር መግዣ አለመሆኑ ነው፤ የሚከፍለው ለመስመሩና በግቢው ውስጥ ለሚዘረጋው ኔትወርክ ነው። ኮምፒዩተር የሚሰጥ ለጋሽ ሁልጊዜ ይገኛል፤ በየወሩ የሚመጣውን ሒሳብ የሚከፍል ለጋሽ ግን አይገኝም፤ ስለዚህ ሕጉ ማንም የማይሰጠውን ወጪ ያዘ። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የቴሌ አገልግሎት ላልደረሳቸው የሚውል ፈንድ እንዲኖር መንገድ ከፍቷል። ከዚህ ፈንድ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የግቢ ኔትወርክና ጥገና ድርሻ ቢመደብ፣ ከላይ ባሳየነው ስሌት መሠረት የአንዱ ተማሪ ደቂቃ በርካሽ የሚጨምርበት መንገድ ይህ ነው።

በመጨረሻ ስለ አቈጣጠሩ። አንድ ተማሪ በሳምንት ስንት ደቂቃ አገኘ የሚለውን ለማወቅ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። ከዚህ ኮሌጅ በዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፣ ፈቃደኛ የሆኑ ርእሰ መምህራን ባሉባቸው ትምህርት ቤቶች የሚከተለውን እንዲጀምሩ ልንጠይቅ አስበናል። በኮምፒዩተሩ ክፍል በር አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አምስት ዓምድ ይሰመራል፤ ስም፣ ክፍል፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ማውሱን የያዘው ማን እንደ ሆነ። በዓርብ ከሰዓት በኋላ ከየክፍሉ የተመረጡ ሁለት ተማሪዎች ደቂቃውን ደምረው ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፋሉ፤ ክፍሉ ያልተከፈተበት ቀንም ከነምክንያቱ ይጻፋል። ከሁለቱ ደማሪዎች አንዷ ሴት እንድትሆን እንጠይቃለን። እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በክር ታስሮ ከደብተሩ ጋር ይሰቀላል።